ለአስተማሪዋ የተላከው ነጠላ

ከልደታ የወጣሁ ማታ እናቴ ያለቀሰችው ለእኔ አልነበረም፤ ለልጄ ለሰብለ ነው። ሰብለ ያኔ ሰባት ዓመቷ ነው። አዲሱን ጃኬቷን እስከ አንገቷ ቆልፋ፣ በር ላይ የቆመውን ታክሲ እያየች "እማ፣ አንሄድም እንዴ?" ትለኛለች። ጎረቤቱ ሁሉ ግቢያችን ውስጥ ታጭቋል። ከአብነት ሰፈር የመጣችው አክስቴ በርበሬውን በፌስታል ላይ ፌስታል ጠቅልላ ሻንጣው ውስጥ ስትጠቀጥቅ፣ እናቴ እጄን ይዛ ወደ ጓዳ ሳበችኝ። ስለ ብርዱ ወይ ስለ ሥራው የምትመክረኝ መስሎኝ ነበር።

"የሰብለን አስተማሪ አክብሪ፣" አለችኝ። "አገሩ የሰው አገር ነው፤ ከአስተማሪ ጋር ሙግት እንዳትገጥሚ። ያሉሽን እሺ በይ።"

እሺ አልኳት። ምን እላለሁ? በእኛ ሰፈር እኮ ልጅ ትምህርት ቤት ሲገባ "ዓይኑን ብቻ ይተዉልኝ እንጂ የቀረውን እንደፈለጉ ያድርጉት" ተብሎ ነው ለአስተማሪ የሚሰጠው። እኔም የተሰጠሁት እንደዚያው ተብሎ ነው። ስምንተኛ ክፍል ሳለሁ የክፍላችን ኃላፊ እናቴን አስጠርተው "እጇ ጥሩ ነው፣ ልብስ ስፌት ትግባ" አሏት። እናቴ "እንዳሉ" አለች። ገባሁ። ከዚያ በኋላ ጠመንጃ ያዥ ሰፈር አንድ ልብስ ሰፊ ቤት ቁጭ ብዬ የሰው ዚፕ ስቀይርና የሰው ሱሪ ሳሳጥር ነው ወጣትነቴ ያለቀው። ማንንም አልወቀስኩም። እንዲያውም ሰው ሲጠይቀኝ "ሙያ ያስያዙኝ አስተማሪዬ ናቸው" እል ነበር።

ይህን የምጽፈው እዚያ ሆናችሁ "ካናዳ ገብታ ምን ጎደላት" ለምትሉኝና ልጅ ይዛችሁ ለመምጣት ሻንጣ ለምትገዙ ነው። ተናድጄ ነው የምጽፈው። ይበርድልኛል ብዬ ብጠብቅም አልበረደልኝም።

ወንድሜ ነው በስፖንሰር ወደ ቶሮንቶ ያመጣን። ብዙም ሳይቆይ እሱ ለሥራ ወደ ሌላ ክፍለ ሀገር ሄደና እኔና ሰብለ ቤዝመንት ፍለጋ ገባን። ቤዝመንት ማለት ምድር ቤት ነው፤ መስኮቱ ከጣሪያው ሥር ሆኖ የሚያልፍ ሰው ጫማ ብቻ ነው የሚያሳየው። ያከራዩኝ ሴኞር አንቶኒዮ የሚባሉ ፖርቱጋላዊ ሽማግሌ ናቸው። ገና ደረጃው ላይ ሳለን ደንባቸውን ነገሩኝ።

"ጩኸት የለም። እንግዳ ማሳደር የለም። የምግብ ሽታ የለም።"

ከኋላቸው በትልቅ ሳፋ ውሃ ውስጥ ጨው የበላው ደረቅ ዓሣ ተዘፍዝፏል፤ ሽታው ዓይኔን አስለቅሶኛል።

"ይሄስ?" አልኳቸው።

ተቆጡ። "ይሄ ሽታ አይደለም። ይሄ ባካልያው ነው።"

ሚስታቸው ዶና ፋቲማ ይባላሉ። እንግዲህ እኔ የልደታ ልጅ፣ ፋቲማ ሲባል እስላም ናቸው አልኩ። ሥጋ በሳህን ይዘውልኝ በወረዱ ቁጥር ሆዴን ይዤ "አሞኛል" እላለሁ። ሴትየዋ የማይድን በሽታ ያለብኝ መስሏቸው ሐኪም ሊያሳዩኝ ነበር። አንድ ቀን ጓሮ ብወጣ፣ ከወይኑ ሥር የእመቤታችን ሐውልት ፊት ተንበርክከው መቁጠሪያ ይቆጥራሉ። ለካ ፋቲማ እመቤታችን ታየችበት የሚሉት ቦታ ስም ነው! ያ ሁሉ ያመለጠኝ ሥጋ እስካሁን ይቆጨኛል።

ቤታቸው ሁለት ኩሽና አለው። የላይኛው እንደ መስታወት ያበራል፤ ማንም አያበስልበትም። የሚበሰለው ምድር ቤት፣ ከእኔ ክፍል አጠገብ ነው።

"የላይኛው ለማነው?" ብዬ ጠየቅኳቸው።

"ለእንግዳ፣" አሉ ዶና ፋቲማ።

"እንግዳው መቼ ነው የሚመጣው?"

"እስካሁን አልመጣም።"

ሳቅ አፈነኝ፤ ወዲያው ግን የእናቴ ብፌ ትዝ አለኝ። እኛም ብርጭቆውን ደርድረን ስንወለውል ኖርን እንጂ መቼ ጠጣንበት? ወደድኳቸው። ሴኞር አንቶኒዮ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲሚንቶ ሲያፈሱ ነው የኖሩት፤ እጃቸው እንደ ቅርፊት ተሰነጣጥቋል። አንድ ቀን በትምህርት ቤት የተማርኩትን አስታውሼ "ድሮ የእናንተ ሰዎች ንጉሣችንን ለመርዳት አገራችን ድረስ መጥተው ተዋግተዋል" አልኳቸው። ማንኪያቸውን አስቀምጠው አዩኝ። "ተከፈላቸው?" አሉ።

የምሠራው ሚስስ ማክራይ የሚባሉ አሮጊት ቤት ነው፤ አጸዳለሁ፣ ምሳ አበስላለሁ። የስኮትላንድ ዘር ናቸው። እዚህ ላይ እናንተም ሳቁብኝ፤ መጀመሪያ ደሃ መስለውኝ ነበር። ሹራባቸው ክርኑ ላይ ተቀዷል፤ አንዱን የሻይ ከረጢት ሁለቴ ይነክሩታል፤ ከክፍል በወጡ ቁጥር መብራት ያጠፋሉ። የሴኞር አንቶኒዮ ቤት ደግሞ በሩ ላይ የድንጋይ አንበሳ፣ ሳሎኑ ውስጥ ወርቃማ መብራት አለው። በልደታ ሚዛን ስመዝነው ሀብታሙ ማን እንደሆነ ግልጽ ነው። አሳዝነውኝ ከቤቴ ድፎ ዳቦ ጋግሬ ወስጄላቸዋለሁ!

"አያቴ እኮ ከስኮትላንድ የመጡት አንዲት ሻንጣ ይዘው ነው፣" ይሉኛል ሁልጊዜ። ሴኞር አንቶኒዮም በአንዲት ሻንጣ ነው የመጣሁት ይላሉ። የእኔም አንዲት ነበረች፣ ያውም ግማሿ በርበሬ። ግን የሚስስ ማክራይን ኮሪደር ስወለውል ፎቶዎቹን ማየት ጀመርኩ። ሻንጣ ይዘው የመጡት አያት ባንክ ውስጥ ከረባት አስረው ተቀምጠዋል። የአያትየው ልጅ ዳኛ ሆነዋል፣ የልጅ ልጃቸው ደግሞ ሐኪም። የሴኞር አንቶኒዮ ልጅ ካርሎስ ደግሞ እንደ አባቱ ሲሚንቶ ነው የሚያፈሰው፤ ገና በጎልማሳነቱ ወገቡን ይዞ ነው ደረጃ የሚወጣው። ሁለቱም ፈረንጅ፣ ሁለቱም ሠራተኛ፣ ሁለቱም ቤተ ክርስቲያን ሳሚ። አንደኛው ዘር ቢሮ ገባ፣ ሌላው የቢሮውን ወለል አፈሰሰ። ፈረንጅ ሁሉ አንድ ነው ብዬ ለመጣሁት ለእኔ ነገሩ አልገባ አለኝ፤ እስከ ስብሰባው ቀን ድረስ።

ሰብለ ስምንተኛ ክፍል ስትደርስ ትምህርት ቤቱ ለስብሰባ ጠራኝ። እዚህ ከዘጠነኛ ጀምሮ ልጆቹን ለሁለት ይከፍሏቸዋል፤ አካዳሚክ የሚሉት ወደ ዩኒቨርሲቲ ያደርሳል፣ አፕላይድ የሚሉት ወደዚያ አያደርስም። እኔ ያኔ ይህን አላውቅም። አስተማሪዋ ወጣት ናት፤ ፈገግታዋ ማር ነው።

"ሰብለ በጣም ጨዋ ልጅ ናት፣" አለችኝ። "እጇም ጥሩ ነው። በእጅ የሚሠራ ነገር ላይ ጎበዝ ናት። አፕላይድ ይሻላታል፣ አትጨናነቅም።"

"እርስዎ ያውቃሉ፣" አልኳት። በሁለት እጄ ጨብጬ፣ ጎንበስ ብዬ፣ እግዜር ይስጥልኝ ብዬ ወጣሁ። ለእናቴም ደውዬ አስተማሪዋ ልጄን እንዴት እንዳመሰገነቻት ነገርኳት። እናቴ ደስ ብሏት ሽሮ ሜዳ ድረስ ሄደች፤ ጥለቱ አረንጓዴ የሆነ ነጠላ ገዝታ "ለአስተማሪዋ ስጪልኝ" ብላ በሰው ላከች።

ነጠላው በደረሰኝ ቀን ምድር ቤቱ ኩሽና ውስጥ ዘርግቼ ለዶና ፋቲማ እያሳየሁ ነበር። ሴኞር አንቶኒዮ ለምን እንደሆነ ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው። ፊታቸው ጠቆረ።

"እጇ ጥሩ ነው አለችሽ?"

"አዎ።"

"የካርሎስም እጅ ጥሩ ነው ብለውን ነበር፣" አሉ። "እኔ ከጓሮዬ ወይን የጠመቅኩትን አንድ ጠርሙስ ይዤ ሄድኩ። ለአስተማሪው። ለማመስገን።"

ዶና ፋቲማ ወደ ምጣዳቸው ዞሩ። ሰብለ ጥግ ላይ የቤት ሥራዋን ትሠራ ነበር፤ ቀና ብላ አየችኝ። "እማ፣ በሒሳብ ከክፍሉ አንደኛ እኔ ነኝ እኮ። ለምን እሺ አልሻት?"

ነጠላውን አጣጥፌ ወደ ፌስታሉ መለስኩት። በማግስቱ ሚስስ ማክራይ ቤት ሳህን እያጠብኩ እንባዬ ሲመጣ አዩኝና ምን ሆንሽ አሉኝ። ስነግራቸው ሳቁ። በእኔ አይደለም፣ ነገሩ ነው ያሳቃቸው። "ስለ ልጅ ልጄም እንደዚያ ብለው ነበር፤ ያውም እሱ የራሱን ስም በትክክል አይጽፍም። ደውዬ እንዲህ ያለ ነገር በቤታችን አይታወቅም አልኳቸው። አሁን ጠበቃ ነው።"

ያን ጊዜ ነው ንዴቱ የጀመረኝ። ይኸው ነው እንዴ ልዩነቱ? የእሳቸው አያት ከመርከብ ሲወርዱ አስተማሪውም፣ ቄሱም፣ የባንኩ ሹምም በራሳቸው ቋንቋ ነው እንኳን ደህና መጡ ያሏቸው። አስተማሪን እንደ ጎረቤት ነው የሚያዩት፤ ሲሳሳት ይቆጡታል። ሴኞር አንቶኒዮና እኔ ግን አስተማሪ ፊት ኮፍያ አውልቀን፣ ጎንበስ ብለን ነው ያደግነው። አክብሮታችን ነው ልጆቻችንን የበላብን። ይህን እንዴት ብዬ ነው ለእናቴ የምነግራት?

ትምህርት ቤት ተመልሼ ሄድኩ። ሥራ የሄድኩበትን ልብስ እንኳ አልቀየርኩም።

"ሐሳቤን ቀይሬያለሁ፤ አካዳሚክ ትግባ።"

"ለልጅሽ ጥቅም ነው የወሰንነው።"

"ሒሳቧ ስንት ነው?"

"ጥሩ ነው። ግን አካዳሚክ ቤት ውስጥ የሚያግዝ ሰው ይፈልጋል። ቤታችሁ ዩኒቨርሲቲ የገባ አለ?"

"እናንተ ካላስገባችሁ ከየት ይመጣል?" አልኳት። ድምፄ ከፍ ብሏል መሰለኝ፣ በሩ ላይ አንድ ሰውዬ ብቅ ብሎ "ሁሉም ሰላም ነው?" አለ። እኔን ነው የሚያየው እንጂ እሷን አይደለም። በአማርኛ ቢሆን ኖሮ የምላት ሞልቶኝ ነበር! በእንግሊዝኛ ግን ቃሉ አለቀብኝ። ጊዜው አልፏል፣ አይቀየርም አሉኝ። ወጣሁ።

ሰኞ ዕለት የሆነውን ስነግራቸው፣ ሚስስ ማክራይ የሌሊት ልብሳቸውን እንደለበሱ፣ የሻይ ስኒያቸውን በአንድ እጃቸው ይዘው ስልኩን አንስተው ትምህርት ቤቱ ደወሉ። አልጮኹም። ስማቸውን ተናገሩ፤ "ይህቺ ልጅ ለእኔ እንደ ቤተሰብ ናት" አሉ፤ ከዚያ ዝም ብለው አዳመጡ። "መልካም" አሉና ዘጉ። ሻያቸው ገና አልቀዘቀዘም።

"ተስተካክሏል፣" አሉኝ።

ተስተካክሏል! እኔ ወልጄ፣ አሳድጌ፣ ባሕር አሻግሬ ያመጣኋት ልጅ ጉዳይ ላይ፣ ጊዜው አልፏል የተባለው ሁሉ በአንዲት አሮጊት ድምፅ ተስተካከለ። እግራቸው ላይ ወድቄ ማመስገን ነበረብኝ። አመሰገንኩም። ግን እውነቱን ልንገራችሁ፣ ምስጋናው ጉሮሮዬ ላይ እንደ አጥንት ተሰካ። የልጄ የሆነውን ነገር በምጽዋት መልክ ነው የመለሱልኝ።

ማታ ለሴኞር አንቶኒዮ ነገርኳቸው። ደስ የሚላቸው መስሎኝ ነበር። ከላይ ካርሎስ ከሥራ ገብቶ ያን ከባድ ቦት ጫማውን ሲያወልቅ ይሰማል፤ አንዱ ወለሉ ላይ ወደቀ፣ ቆይቶ ሌላው።

"ለካርሎስ ማን ይደውልለት ነበር?" አሉ።

ቅዳሜ የግንቦት ልደታ ነበር። ለእናቴ ደወልኩ። ጎረቤቱ ሁሉ ደጅ ወጥቷል፤ ንፍሮው ተቀቅሎ፣ ሴቶቹ እልል እያሉ፣ የልጆቹ ጫጫታ እስከ ቶሮንቶ ይሰማል። "ሰፈሩ ሊፈርስ ነው ይላሉ፤ የዘንድሮው የመጨረሻችን ሳይሆን አይቀርም" አለችኝ፤ ወዲያው ደግሞ፣ "ነጠላውን ለአስተማሪዋ ሰጠሽልኝ?"

ሰጠሁ ልላት አፌን ከፍቼ ነበር።

"አልሰጠኋትም፣ እማዬ።"

"ምነው?"

"ተጣላን። እጇ ጥሩ ነው ብላ ልጄን ወደማይሆን ክፍል ልታስገባት ነበር። እኔም እንዳሉ ብያት ነበር። ኋላ ግን ሄጄ ጮኽኩባት።"

ከእናቴ ጀርባ አንዲት ሴት "ኧረ ንፍሮው ይምጣ!" ትላለች። የምትቆጣኝ መስሎኝ ስልኩን ከጆሮዬ ራቅ አደረግኩት።

"እጇ ጥሩ ነው አለችሽ?" አለች ቀስ ብላ።

"አዎ።"

"እኔ አልጮኽኩልሽም።"

"እማዬ፣ ተይው እሱን..."

"አልጮኽኩልሽም እኮ፣" አለች። ከዚያ ጉሮሮዋን ጠርጋ፣ እንደ ድሮው ቆጣ ብላ፣ "በይ ነጠላውን ለማንም እንዳትሰጪ። አንቺው ልበሺው" አለችኝ።

ስልኩ ሲዘጋ ነጠላውን ከፌስታሉ አወጣሁት። ለበስኩት፤ ጥለቱን አስተካከልኩ። በዚያች ትንሽ መስኮት የሰው ጫማ ያልፋል። ልደታ ንፍሮው እየታደለ ነው፣ እኔ ደግሞ ነጠላዬን ለብሼ የምሄድበት አጥቼ ቤዝመንቱ መሀል ቆሜያለሁ።