በዙሉ የተኮራረፍን ሰሞን

ባለፈው ሳምንት ፎርድስበርግ ሰፈር ምሳ ስበላ፣ አጠገቤ የነበሩ ሁለት የአገሬ ልጆች በፖለቲካ ተያያዙ። አንደኛው ጓደኛውን፣ «እናንተ ናችሁ እዚህ ያደረሳችሁን!» አለው። «እናንተ» የተባለው ግን አንድ ሰው ብቻ ነበር። የቢሪያኒ ሩዛቸውን ሳይጨርሱ በየፊናቸው ሄዱ። እኔ ሳቄ መጣ፤ ኪሮስ ትዝ አለኝ።

ዘመኑ የኮሮና ነው፣ ጢሜ ገና ሳይሸብት። እኔ የሆሳዕና፣ ኪሮስ የአዲግራት ልጅ፤ ቴምቢሳ ሰፈር ውስጥ አንዲት ስፓዛ፣ ትንሽ የሰፈር ሱቅ፣ በሽርክና ከፍተን፣ ከመደርደሪያው ጀርባ እያደርን ፓፕ የሚሉትን የበቆሎ ገንፎ ከአንድ ድስት እንበላለን። እዚህ አገር ዝናቡ በበጋ ነው የሚወርደው፤ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ካርታ እንጫወታለን። በዚህ መሃል አገር ቤት ጦርነት ተነሳ፤ የአዲግራት ስልክም ተቋረጠ። እኔ አንዱን ጣቢያ፣ እሱ ሌላውን ሲያይ ሰነበትንና አንድ ቀን «እናንተ» አልኩት። «እናንተ» ብሎ መለሰልኝ። በነጋታው ድስታችን ሁለት ሆነ። ወሩ ሲያልቅ ዳቬይተን የሚባል ሰፈር ያለ ዘመዱ ዘንድ ጠቅልሎ እንደሚሄድ ለደንበኛ ሲናገር ሰማሁ። አትሂድ ልለው ፈልጌ፣ በኩርፊያው የተነሳ ዱቄት መመዘኔን ቀጠልኩ።

ሱቅ ደግሞ ያለ ንግግር አይሠራም። አማርኛው የጠብ ቋንቋ ስለሆነብን፣ ከደንበኛ በቃረምነው ዙሉ መግባባት ጀመርን። «ዌና፣ ኢሲንክዋ!» ስለው ዳቦ ያቀብለኛል። «ዌና፣ ኡሹኬላ!» ሲለኝ ስኳር አቀብለዋለሁ። «ዌና» አንተ ማለት ነው። አንዲት አሮጊት ደንበኛችን ከማስካቸው ስር እየሳቁ፣ «የራሳችሁ ቋንቋ የላችሁም እንዴ?» ይሉናል። በዙሉ እንዳንጣላ፣ የምናውቀው ዳቦና ስኳር ነው። በስኳር ማን ይጣላል?

አንድ ጠዋት ኪሮስ ስልኩን ጆሮው ላይ ይዞ ቆየና አስቀመጠው። ልጠይቀው ፈለግሁ፤ ቃሉ ግን ከየት ይምጣ?

«ዌና፣ ኡማማ?» አልኩት፤ እናትህስ ለማለት።

«አንጋዚ» አለኝ፤ አላውቅም ማለቱ ነው። ከዚያ ፊቱን ወደ ዱቄቱ አዞረና በአማርኛ፣ «አላውቅም፣ ታሜ። ትኑር አትኑር አላውቅም» አለ።

«ስማቸው ማን ነው?»

«ለተብርሃን» አለና ዞሮ አየኝ። «ዶሮ ላይ ስትጮህ ሰፈሩ በሙሉ ይደነግጣል።»

ዳቦ እየሸጥን ስለ እናቶቻችን ስናወራ ዋልን። ፖለቲካውም መነሳቱ አልቀረም፤ እሱ የሱን፣ እኔ የኔን ተናገርን። ማንም ማንንም አላሳመነም፤ ግን «አንተ» እየተባባልን ነበር። ወደ ዳቬይተን መሄዱም በዚያው ቀረ። ከብዙ ጊዜ በኋላ የአዲግራት ስልክ ሲከፈት ኪሮስ ከእናቱ ጋር አልቅሶ ሲያበቃ ለኔም ሰጠኝ። እኔ ትግርኛ አልችል፣ እሳቸው አማርኛ አይችሉ፣ ዝም ብለን ተሳሳቅን።

ዛሬም ስፓዛዋ የሁለታችን ናት። በፖለቲካ አሁንም አንስማማም፤ አያስጨንቀኝም። ፊት ለፊቴ የተቀመጠው አንድ ሰው መሆኑን ካልረሳሁ፣ ሌላው በወሬ የሚገፋ ነው። በዙሉ «እናንተ» ምን እንደሚባል በኋላ ከደንበኛ ተምሬአለሁ። ለኪሮስ ግን እስካሁን አልነገርኩትም።