ዘይነብ ዝም ያለችበት

ልጅ እያለሁ፣ ገና እስከ አስር መቁጠር ሳልችል፣ የተራራችንን ድንጋዮች ስም አንድ በአንድ አውቅ ነበር። ተራራችን ከአሶሳ ራቅ ብሎ ለብቻው የቆመ ነው። ክረምት ሲገባ የወንዙ ውሃ ዙሪያውን ይከብበውና ደሴት ይሆናል።

አያቴና ጓደኞቹ ከወንዙ ማዶ ይገዙ የነበሩት ቱርኮች በግድ ወታደር ያደረጓቸው ሰዎች ነበሩ። የገዛ ወገናቸውን በባርነት ይዘው እንዲያመጡ ሲታዘዙ አመፁ፤ አለቃቸውን አስረው፣ ሚስቶቻቸውን ይዘው ወንዙን ተሻገሩ። ወደኋላ እንዳይሉ ታንኳቸውን አነደዱት። እዚህ ሲደርሱ ተራራው ላይ ስም ያለው ነገር አልነበረም። ስለዚህ በሰው ላይ የደረሰውን ሁሉ ለቦታው ስም አድርገው ሰጡት፤ ሐዋ የወለደችበት፣ ፍየሏ የጠፋችበት፣ ሐሚድ የወደቀበት እያሉ።

አንድ ቀን ታናሽ ወንድሜን አዝዬ ከተራራው ሥር የቀርከሃ ቡቃያ እለቅም ነበር። ዝናብ ያራሰው አፈር ይሸታል። ድንገት እናቴ ከላይ፣ “ዘይነብ! ሐሚድ የወደቀበት!” ብላ ጮኸች። ባሪያ ፈንጋዮች መጡ፣ እዚያ ገደል ላይ ተሸሸጊ ማለቷ ነው። ከነሱ መሃል ቋንቋችንን የሚሰማ ነበረና፣ የወደቀ ሰው ያለ መስሎት ሁሉንም እየመራ ወደ ገደሉ ሥር ወረደ። ሐሚድ ከወደቀ እኮ ስንት ዘመኑ!

እኔ ገደሉ ወገብ ላይ ካለው ስንጥቅ ገባሁ። ወንድሜ ሊያለቅስ አፉን ሲከፍት ጣቴን ሰጠሁት፤ ነከሰኝ። ከሥሬ ሲነጋገሩ እየሰማሁ፣ ደሜ በክንዴ ሲወርድ እያየሁ፣ ትንፍሽ አላልኩም።

ፈንጋዮቹ ባዶ እጃቸውን ሲመለሱ አያቴ መጣ። ስንጥቁን በምርኩዙ ነካ አድርጎ፣ “ይሄ ከዛሬ ወዲያ ዘይነብ ዝም ያለችበት ነው” አለ። ሐሚድም እያነከሰ ደረሰና፣ “አንቺ ልጅ፣ እኔ ስም ያገኘሁት እግሬን ሰብሬ ነው፤ አንቺ በጣት ተገላገልሽ!” አለኝ። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔ ግን ቁመቴ የጨመረ መስሎኝ ነበር።

ዛሬ እኔም እናት ነኝ፤ ያውም ፈሪ እናት። ልጄ ሐሊማ ከዓይኔ ከራቀች ልቤ ቦታውን ይለቃል። ፈንጋይ ከቀረ ቆየ፣ ወደ ሜዳው ውረዱ፣ ገበያም እዚያ ነው ይሉናል። ይሻል ይሆናል። ሜዳ ላይ ግን ስሜን የያዘ ድንጋይ የለኝም።

ትናንት ሐሊማን ባጣት ጊዜ፣ እናቴ ከቆመችበት ቆሜ ስሟን ተጣራሁ።

“አንቺ ዝም ያልሽበት ነኝ!” አለችኝ፣ ገደሉ እስኪያስተጋባ።

እኔ ትንፋሼን የዋጥኩበት ተቀምጣ እንዲህ ትጮሃለች! ልቆጣት አፌን ከፈትኩ። ከዚያ የጣቴን ጠባሳ ዳበስኩና፣ ትጩህ ብዬ ተውኳት።