ራኒያ የከፈተችው የሚከራከር ሱቅ

እኔ አስፋው ጫማ ሰሪ ነኝ። ሰው ቁጡ ነህ ይለኛል። ቢለኝስ? ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ጌጃ ሰፈር ቁጭ ብሎ «የመጨረሻው ስንት ነው?» ሲባል የኖረ ሰው ባይቆጣ ነው የሚገርመው። የማወራችሁ ግን ስለ ራሴ አይደለም፤ ስለ ጎረቤቴ ስለ ራኒያ ነው።

ራኒያ የሀሚዳ ልጅ ናት። ሀሚዳ ከወሎ መጥታ ከእኔ ሱቅ አጠገብ ሻሽና ሽርጥ እየሸጠች ነው ያሳደገቻት። ልጅቷ ዩኒቨርሲቲ ገብታ ኮምፒውተር ተማረች፣ ጥሩ መሥሪያ ቤት ተቀጠረች። ከዚያ ሠላሳ ዓመት ሳይሞላት ደመወዟን ጥላ ወጣችና ከእናቷ ሱቅ ኋላ ባለችው ጓዳ ውስጥ ዌብሳይት መሥራት ጀመረች። ሀሚዳ አለቀሰች። እኔማ አበደች ብዬ ደምድሜ ነበር።

በ2004 ዓ.ም. ሰፈራችን ለልማት ይፈርሳል ተባለ። ለእኔ የደረሰኝ ምትክ ጀሞ ነው፤ ያውም ከሕንፃ ጀርባ፣ አላፊ አግዳሚ የማያየው ክፍል። ሦስት ወር ቀረኝ። እግሩን በእጄ ለክቼ የማውቀው ደንበኛ ከእንግዲህ የት ያገኘኛል? ፈራሁ። ፍርሃቴን ለመደበቅ ደግሞ ያገኘሁት ሰው ላይ ሁሉ እጮህ ነበር።

ይሄኔ ነው ራኒያ መጥታ ኢንተርኔት ላይ ሱቅ ልክፈትልዎ ያለችኝ። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ አልኳት። ስቃ ወደ ጓዳዋ ተመለሰች። ከወር በኋላ ጓዳዋ ጠርታ ኮምፒውተሯን ስታሳየኝ ግን አፌ ተከፍቶ ቀረ። የሰፋሁት ጫማ እንደ እንዝርት ይሾራል! ሶሉ ይታያል፣ ስፌቱ ይታያል። ፍላሽ በሚባል ነገር ነው የሠራሁት አለች፤ ዓይኗ ይበራል። በሞቴ ደግመሽ አሹሪው አልኳት፤ አሾረችው።

በማግስቱ ደስታችንን ይዘን ልደታ ማርያም አጠገብ ያለ ኢንተርኔት ቤት ገባን። ማኪያቶዬን ጠጥቼ ጨረስኩ፣ ጫማው ገና አልተከፈተም፤ ለኔትወርኩ ከብዶታል። በሀሚዳ ስልክ ሞከርነው፤ ጭራሽ አልከፍትም አለ። ራኒያ የወር ልፋቷን በሙሉ ጣለችው። እኔን ቆጨኝ፤ እሷ ትስቃለች።

«ጋሽ አስፋው፣ ከዛሬ ጀምሮ መለኪያዬ የእማዬ ስልክ ነው» አለችኝ።

አዲሱን በፒ ኤች ፒ ጻፈችው። ፒ ኤች ፒ ምን እንደሆነ ዛሬም አትጠይቁኝ፤ ቀላል ነው፣ ቶሎ ይከፈታል፣ እሱን ነው የማውቀው። የሚሾር ነገር የለም፤ ትንንሽ ፎቶ፣ ቁጥር፣ ዋጋ፣ «ግዛ» የሚል ቁልፍ። የባንክ ካርድ ያለው ሰው ስለሌለ ገንዘቡ ጫማውን ሲረከቡ ይከፈላል። በሀሚዳ ስልክ ወዲያው ተከፈተ። እሰይ አልን፤ ለደንበኛ ሁሉ አድራሻውን በወረቀት አደልን።

በሳምንት ውስጥ ሁለት መቶ ሰው አየው። አንድ ሰው አልገዛም። ይኸው፣ አላልኩሽም? እያልኩ ጮህኩባት። ሀሚዳ ግን ስልኳን አገላብጣ አየችና፣ «ይሄ ሱቅ መናገር አይችልም እንዴ? ቀንስ የምለው ማንን ነው?» አለች።

ራኒያ ከመቀመጫዋ ብድግ አለች። ገዢው የራሱን ዋጋ የሚጽፍበት፣ እኔም በስልኬ የምመልስበት፣ እስክንስማማ የምንከራከርበት ሳጥን ልትጨምር ነው። ከዚህ ጣጣ የምገላገለው አንድ ቦታ ኢንተርኔት ነበር፣ እዚያም ልታመጪብኝ ነው ወይ ብዬ ተቆጣሁ። ማን ሰምቶኝ! ሰው ያልተከራከረበትን ጫማ አይገዛም፣ ቢገዛም ተታለልኩ ይላል አለችና ጓዳዋ ገባች። በአራት ቀን ጨረሰችው።

የእኔም የሀሚዳም ሱቅ ፈረሰ፤ ለእነሱ ሌላ ሰፈር ደረሳቸው። ጀሞ ገባሁ። ጠዋት ጠዋት ራኒያ እንዳሳየችኝ ገጹን እከፍታለሁ፣ ባዶ ነው። በደጄ የሚያልፍ የለም፣ የመጨረሻው ስንት ነው የሚለኝ የለም። ያን ጥያቄ እንደዚያ ትናፍቀዋለህ ብላችሁ ቀድሞ ብትነግሩኝ እስቅባችሁ ነበር።

በስድስተኛው ቀን ገጹን ስከፍት አንድ ሰው ጽፏል። ቡናማው የሴት ጫማ፣ ቁጥር ሠላሳ ስምንት። አምስት መቶ ብር ላልኩት ሦስት መቶ ይላል። ሦስት መቶ! ደሜ ፈላ። በሦስት መቶ ብር ማስቲሹም አይገዛም፣ ጫማ አይተው ያውቃሉ ወይ ብዬ ጻፍኩ። ከላክሁት በኋላ ደነገጥኩ፤ በስንት ጸሎት የመጣውን ሰው በአፌ አባረርኩት።

መልሱ ወዲያው መጣ። «ጋሽ አስፋው፣ እርስዎ ነዎት! ቁጣዎን መቼ አጣሁት። የድሮ ደንበኛዎ፣ የሰንጋ ተራዋ ሠርካዲስ ነኝ። ሱቁ ፈርሶ ሳይ የት ብዬ ልፈልግዎት ስል ያደሉኝን ወረቀት አገኘሁ። ለማንኛውም ሦስት መቶ ሃያ።»

ዓይኔን አብሼ አራት መቶ ሰባ ብዬ መለስኩላት። ለራኒያ ደወልኩ፤ ስሟን ብቻ እየደጋገምኩ እጠራለሁ። ምን ሆኑ፣ ታመሙ እንዴ ትለኛለች።

«ራኒያ» አልኳት፣ «ሦስት መቶ ሃያ አለችኝ እኮ!»