የአስረስ ክንድ

ደምሴ ሽማግሌ የላከው በጥቅምት ነው፤ ገብሱ ተወቅቶ ጎተራ ሳይገባ። ሽማግሌዎቹ ደብረ ታቦር ከአስረስ ቤት ገብተው፣ አስረስ ራሱ በጠረባቸው በርጩማዎች ላይ ተደላድለው፣ ከዝናቡም ከእህሉም ካወጉ በኋላ የቤቱን ልጅ ውብአለምን ለደምሴ ጠየቁ። አስረስ አናጢ ነው፤ ደምሴ ደግሞ የመጨረሻ ተማሪው። ለአስረስ ቢተዉለት ኖሮ እዚያው «ይሁን» ባለ ነበር። ነገር ግን በዚያ ቤት «ይሁን» የሚባለው ከሚስቱ ከየሺ አፍ መሆኑን ሽማግሌዎቹ አላጡትም። ዓይናቸውን እሷ ላይ ጣሉ።

«አባቶቼ» አለች የሺ፣ «ልጄን ለአናጢ አልሰጥም አላልኩም። እኔም ያገባሁት አናጢ ነው። ግን ደምሴ ክንድ አልተቀበለም። ክንድ ያልተቀበለ አናጢ ልጄንም አይቀበልም።»

አስረስ አንገቱን ደፋ። የሚስቱ ነገር እውነት ነበር።

አስረስ ዘንድ እንጨት ሥራ የሚማር ሰው መጀመሪያ ምሳር ሲስል፣ ግንድ ሲሸከም፣ ጽድን ከወይራ ዋንዛን ከዝግባ እያሸተተ ሲለይ ይከርማል። መሮ የሚጨብጠው ከዚያ ወዲያ ነው። ያለ ምስማር የሚቆም ወንበር ሠርቶ፣ አስረስ ተቀምጦበት ካልተንቋቋ፣ ያ ሰው ጨረሰ ማለት ነው። በዚያን ቀን ተማሪው ቀጥ ያለ የወይራ በትር ያመጣና ከአስረስ ቀኝ ክንድ ጋር ያስተካክለዋል፤ ከክርኑ እስከ መሀል ጣቱ ጫፍ። በልኩ ይቆርጠዋል። አስረስም ይመርቅና በትሩን በእጁ ይሰጠዋል። ከዚያ በኋላ ያ ሰው የትም ይሂድ የት፣ የሚለካው በራሱ ክንድ ሳይሆን በአስረስ ክንድ ነው።

ደምሴ ወንበሩን ሠርቷል። አስረስም ተቀምጦበታል። በሳምንቱ ግን አስረስ የቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ሲማግር ወደቀና ቀኝ ክንዱ ተሰበረ። ወጌሻው የሚችለውን አደረገ፤ አጥንቱ ግን ተጣሞ ገጠመ፣ ጣቶቹም ተቆልምመው ቀሩ። ግራውስ አለ አይደል የሚል ይኖር ይሆናል። በግራ እጅ ማን መርቆ ያውቃል? ከባልንጀሮቹ ለምኖ እንዳይወስድ ደግሞ ክንድ ይሰጣል እንጂ አይለመንም። እናም ደምሴ እጁ የተሟላ፣ ክንድ የሌለው አናጢ ሆኖ ቀረ።

ይህ ለሽማግሌዎቹ የተነገረው ነው። በየሺ ሆድ ያለው ሌላ ነበር። እሷ የፋርጣ ባለ ርስት ልጅ ናት። አስረስን ስታገባ ዘመዶቿ «ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል» እያሉ አባቷን ሲሸነቁጡት ኖረዋል፤ እንጨት ጠራቢው የቤቱን ደህና ዛፍ ቆርጦ ሄደ ለማለት ነው። እስከ አምና ድረስ ስቃ አሳልፋዋለች። አስረስ ወድቆ የተኛ ጊዜ ግን ፈራች። መሬት ያለው ሰው ቢታመም መሬቱን ያሳርሳል፤ እጁ ብቻ ያለው ሰው እጁ ሲሰበር ምን ይቀረዋል? ለውብአለም ደግሞ ከእብናት የበሬ ጌታ ጠያቂ መጥቶላታል። የውብአለም ልብ ደምሴ ላይ መሆኑን እናትየው ታውቃለች፤ አልተነጋገሩበትም እንጂ።

«እስከ ኅዳር ሚካኤል ታገሡኝ» አለቻቸው። «ከዚህ ቤት ክንድ ተቀብለው የወጡት የት እንደ ደረሱ በዓይኔ አይቼ ልመለስ።»

ለባሏ የነገረችው ጌሾ ልትሸጥ ሐሙሲት እንደምትወርድ ነው። አስረስ ጌሾው አንድ ቁና እንደማይሞላ ቢያይም «ጭነቱ በቅሎዋን እንዳይከብዳት» ብቻ አላት።

ሐሙሲት ገበያ፣ ዋርካው ሥር፣ ሞፈርና ቀንበር ተደርድሮ አገኘች። ሻጩ በላይነህ ነው፤ የአስረስ የመጀመሪያ ተማሪ። የሺ ነጠላዋን ወደ ግንባሯ ሳብ አድርጋ ከገዢዎቹ መሀል ቆመችና ጆሮዋን ጣለች። አንድ ከደራ የመጣ ገበሬ ከበላይነህ ጋር ይሟገታል።

«ሞፈሩን በአስረስ ክንድ ቁረጥልኝ። ያለፈውን በገዛ ክንዴ ለክቼ ባስጠርብ አጥሮብኝ፣ ማረሻው የበሬዬን ሰኮና ሲነካ ከረመ።»

«ክንድህ አጭር መሆኑን እኔ ልንገርህ ወይ?» አለው በላይነህ።

የሺ ወደ ገበሬው ጠጋ አለች። «አስረስ ማነው ወንድሜ?»

«እኔ በምን አውቄ እታለም። ይሙት ይኑር አላውቅም። ክንዱን ግን አገሩ ሁሉ ያውቀዋል።»

አንጀቷ ቅቤ ጠጣ። ያ የማታውቀው ሰው፣ ባሏን አይቶት የማያውቅ ሰው፣ ስሙን እንደ ጨውና እንደ እህል ስም ተራ አድርጎ ጠራው። «ባሌ ነው!» ለማለት ምላሷ ላይ ደርሶ ነበር፤ ዋጠችው። በላይነህ ግን በድምፅዋ አወቃት። ከተቀመጠበት ብድግ ብሎ ጉልበቷን ሳመ።

«እሜቴ፣ የኔታ እንዴት ናቸው? እጃቸውስ?»

አስረስ ዳዊት እንኳ አልደገመም፤ ተማሪዎቹ ግን እንደ ቅኔ መምህር «የኔታ» ነው የሚሉት። በላይነህ ቤቱ ወስዶ አበላት፣ አሳደራት። ሚስት አግብቷል፤ ጎጆው የጠበበው ገና ባልተሸጠ እንጨት ነው። የሺ ሁሉንም አየች።

ከዚያ ጋፋት ሄደች። ዘመኑ ንጉሡ ደብረ ታቦር የከተሙበት፣ ጋፋት ላይ ፈረንጆች ብረት የሚያቀልጡበት ዘመን ነው። ሌላው ተማሪ አለሙ እዚያ የሠረገላ መንኮራኩር ይሠራል። ድርጎው ከንጉሥ ጎተራ ነው፤ እጀ ጠባቡም አዲስ ነበር።

«ፈረንጁ የሚለካው በብረት ነው» አላት። «የእኔን በትር አንስቶ ከብረቱ ጋር ሲያስተያይ ቆየና ‹ይህ የየትኛው ንጉሥ መለኪያ ነው?› አለኝ። ‹የየኔታ አስረስ ነው› አልኩት። ከዚያ ወዲህ ‹አስረስ የት ነው የነገሠው?› እያለ ይነዘንዘኛል።»

የሺ ሳቀች። ልትሄድ ስትነሣ ግን አለሙ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ያለ ፈቃድ ከጋፋት መውጣት እንደማይችል፣ እናቱን ካየ መቆየቱን ነገራት። ይህንንም ያዘች። ሥራውም ክብሩም አለው፤ ደጁ ግን የራሱ አይደለም። እውነቱን ልትሰማ የወጣች ሰው የጣፈጣትን ብቻ ይዛ አትመለስም።

የቀራት ሦስተኛው ተማሪ ታደሰ ነው። ታደሰ እንጨት ሥራውን ትቶ ጉና ዳገት ላይ ገብስ ያርሳል መባሉን ሰምታለች። ብርዱ ፊቷን እየጋረፋት ስትወጣ «ይኸው እዚህ ነው ጉዱ» እያለች ነበር። ሄዳ የቤቱን በር ብታየው ተጣሞ፣ ከመቃኑ ተላቅቆ፣ በጠፍር ታስሮ ቆሟል። የአስረስ ተማሪ የሠራው በር! ሽማግሌዎቹን የምትመልስበት ነገር ያገኘች መሰላት፤ ግን ደስ አላላትም፤ ከፋት።

ታደሰ በሩን ስታይ አያት። «የራሴ ሥራ ነው እሜቴ፤ እንዳላዩ አይሁኑ። የኔታ ወንበሬ ላይ ተቀምጠው መርቀውኛል፤ እኔ ግን ብቻዬን ስቀር እጄ ከዳኝ። እዚህ በጎቼም ገብሴም ያውቁኛል። አልተጎዳሁም።»

እውነቱን ነበር፤ የጠገበ ሰው ፊት አለው። ገብስ ቆሎ አቀረበላት። ስለ ደምሴና ስለ ውብአለም እያወራችው ሳለ ተነሥቶ ከምሰሶው ላይ በንጹሕ ጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አወረደ። ፈታው። የወይራ በትር ነው፤ ቅቤ እየተቀባ የኖረ፣ የሚያብረቀርቅ።

«ምሳሬን ሸጬዋለሁ። ይህን ግን እንዴት እሸጣለሁ? እኔ ሥራ ብፈታ ክንዱ ሥራ መፍታት የለበትም። ለተገባው ይሰጡልኝ።»

የሺ በትሩን ተቀበለችና በሁለት እጇ ይዛ ቆየች። አስረስ ጎልማሳ በነበረ ጊዜ የነበረው ክንድ ነው፤ ቀጥ ያለ፣ ያልተሰበረ። ሙሽራ ሳለች ከበቅሎ ያወረዳት ክንድ። ባሏ ሲወድቅ «ምን ቀረው?» ብላ የፈራችው ነገር መልሱን አገኘ። የወደቀው አንድ ክንድ ነው፤ ሌሎቹ ሐሙሲት ሞፈር ይቆርጣሉ፣ ጋፋት መንኮራኩር ይለካሉ። እዚያው ጉና ላይ፣ የታደሰ ጠማማ በር አጠገብ፣ የሺ በባሏ ኮራች፤ አለቀሰችም።

ቤቷ ስትመለስ አስረስ «ጌሾው ተሸጠ?» አላት።

«ተሸጠ» አለች።

የኅዳር ሚካኤል ዕለት ሽማግሌዎቹ መጡ፤ ደምሴም ከደጅ ቆመ። የሺ አስጠራችውና ከነጠላዋ ሥር በትሩን አውጥታ ከአስረስ ፊት አኖረችው። አስረስ ወዲያው አወቀው። የተጣመመ ክንዱን ከበትሩ ጎን አጋደመው፤ በትሩ በእጅጉ በለጠው።

«አጥሬያለሁ ለካ» አለ፣ ሊያሾፍ ፈልጎ።

«አላጠሩም» አለች የሺ። «እኔ አይቼ መጥቻለሁ። እኔ የምሰጠው ልጄን ነው፤ ክንዱን አንቱ ስጡ።»

ደምሴ ተንበረከከ። አስረስ በቀኝ እጁ በትሩን ሊያነሣ ሞከረ፤ የተቆለመሙት ጣቶች አልጨብጥ አሉ። በግራው ሊያግዝ አልፈለገም። የሺ ከአጠገቡ ቁጢጥ አለችና እጇን ከእጁ ሥር አስገብታ ከፍ አደረገችው።

«እጅህ ይባረክ» አለ አስረስ። «ያቆምከው ይጽና።»

ደምሴ በትሩን ከሁለቱ እጅ ተቀበለ።