እናቴ ዓይኗን ስትገልጥ እኔ ባቡር ላይ

ከሞላሌ የተነሣሁት ጎህ ሳይቀድ ነው። የአዲስ አበባው አውቶቡስ ማንንም አይጠብቅምና በዋዜማው ከቀያችን ወርደን አክስቴ ቤት አደርን፤ ማደር ከተባለ። እናቴ ከበግ ፀጉር የተሠራ ባናዋን ተከናንባ ግድግዳ ተደግፋ ተቀመጠች። ታናሽ እህቴ ስንዱ እግሬ ሥር ኩርምት አለች። እኔ ጫማዬን እንኳ ሳላወልቅ ጋደም አልኩ። ስለ መሄዴ ያነሣ ሰው አልነበረም። እናቴ የምታወራው ውርጭ ስለ መታው ገብስና እግሯን ስለሚያነክሳት በግ ነበር፤ ነገም አብረን ውለን የምናድር ይመስል።

ልንወጣ ስንል ብቻ፣ «የሺ፣ ሱዳን ሐሩር ነው አሉ። ባናው ምን ያደርግልሻል፤ ተይው» አለችኝ። ተውኩት። መድረሻዬ ሱዳን ሆኖ አልቀረምና ኋላ ስንት ጊዜ ተመኘሁት።

አውቶቡሱ ሲንቀሳቀስ እናቴ እጇን አወዛወዘችልኝ። እኔ ከኋላው መቀመጫ ነበርኩ፤ እሷ ግን የምታየው ከሾፌሩ ጀርባ ወዳለው መስኮት ነው። ደንግጣ ነው ብዬ አለፍኩት። ዓይኗን ሞራ እየጋረደው እንደነበር የገባኝ ከዓመታት በኋላ ነው።

ስለ መንገዱ ብዙ አልጽፍላችሁም። በመተማ ወጣሁ፣ ካርቱም ሰው ቤት ሠራሁ፣ ከዚያ በረሃው፣ ከዚያ ባሕሩ። ያለፈበት ያውቀዋል፤ ያላለፈበት ደግሞ ቢነግሩትም ተረት ይመስለዋል። በመጨረሻ ጀርመን አገር፣ ደቡቡ ላይ፣ ወይን የሚያለሙ ሰዎች መንደር አስገቡኝ። ብርዱን እንኳ አልፈራሁትም። የመንዝ ልጅ ነኝ፤ ጓሳ ላይ የሚነፍሰውን ነፋስ የለመደ ሰው በረዶ ብርቁ አይደለም። የከበደኝ ዝምታው ነው። እኛ አገር ሰው ከማዶ ሆኖ ጎረቤቱን ይጣራል፣ ከወዲህ ማዶም ይመለስለታል። እዚህ ጎረቤቴ በሩን ሲከፍት የሰማሁ እንደሆነ እሱ እስኪወርድ እኔ አልወጣም፤ እኔ ስወጣም እሱ እንዲሁ ያደርጋል። ይህን ጨዋነት ይሉታል።

አከራዬ ፍራው ሂልደ የሚባሉ መበለት ናቸው። ጥሩ ሰው ናቸው፤ ሕግ ግን ያበዛሉ። ኢንተርኔቱን፣ እነሱ ቬላን የሚሉትን፣ ማታ ማታ ከግድግዳው ይነቅሉታል።

«ፍራው ሂልደ፣ ለምን ይነቅሉታል?» አልኳቸው አንድ ቀን።

«ሌሊት ማን ይጠቀምበታል?»

«እኔ። እናቴ ጋ የምደውለው ከሥራ ስገባ ነው።»

«እናትሽ በዚያ ሰዓት መተኛት አለባቸው» አሉ። «ቬላኑም ማረፍ አለበት።»

ምን ትላላችሁ? እኛ ቤት የሚያርፈው በሬ ነበር።

ለነገሩ ቢሠራም ብዙ አይጠቅመኝም ነበር። ስንዱ ካሜራ ያለው ስልክ ስትይዝ፣ አሁንስ እናቴን አያለሁ ብዬ ደስታዬን አልቻልኩትም። ለእናቴ ግን ስልክ የሚሰማ ነገር ነው፤ የሚታይ መሆኑ ምን ያደርግላታል? ያን ጊዜ ዓይኗ ጭራሽ ጠፍቶ ነበር። በስሜ በጠራኋት ቁጥር ስልኩን ጆሮዋ ላይ ትለጥፈዋለች። ስለዚህ ለዓመታት ያየሁት ጆሮዋንና የነጠላዋን ጥለት ነው። «እማዬ፣ ራቅ አድርጊው» ስላት፣ «ከራቀማ እንዴት እሰማሻለሁ?» ትለኛለች። በዚያ ላይ የአገራችን ኢንተርኔት አንዴ ለፈተና፣ አንዴ ለጸጥታ እየተባለ የሚዘጋበት ጊዜ ነው። ጆሮዋም የሚናፈቅበት ወር ነበር።

አንድ ቀን ስንዱ ደወለች። የዓይን ሐኪሞች በዘመቻ ደብረ ብርሃን መጥተዋል፤ እናቴን ወስዳ አሳይታታለች፤ «የዓይን ሞራ ነው፣ አንዱን አሁን እንሠራለን» ብለዋታል። አንድ ጥያቄ ብቻ ነው የጠየቅኳት፤ «ፋሻው መቼ ይፈታል?» አልኳት። በማግስቱ ጠዋት ነው አለችኝ።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ደግሞ እኔ ሃምቡርግ እፈለጋለሁ። አረጋውያንን የመንከባከብ ትምህርት ልማር አመልክቼ ለቃለ መጠይቅ ተጠርቻለሁ። ሃምቡርግ ከእኛ መንደር አገር ምድሩን አቋርጦ ነው። ቀኑን አዛውሩልኝ ብዬ ብደውል፣ «ያልመጣ ሰው አልፈለገም ማለት ነው» አሉኝ። ስለዚህ ባቡር ላይ ሆኜ አያታለሁ ብዬ ቆረጥኩ። በረጅም መንገድ ባቡር ላይ ኢንተርኔት በነፃ አለ ሲባል ሰምቻለሁ። የስልኬ ሂሳብ በእሷ ጭንቀት ማታውኑ አልቆ ነበር፤ ተስፋዬ ሁሉ የባቡሩ ቬላን ነው።

ባቡሩ እንደ ተነሣ ስልኬን አወጣሁ። የባቡሩ መስመር ስም መጣ፤ ነካሁት። ከዚያ በጀርመንኛ የተጻፈ ረጅም ገጽ መጣ፣ ከታቹ «እስማማለሁ» የሚል። በምን እንደምስማማ ሳላነብ ተስማማሁ። ክቧ ምልክት ዞረች፣ ዞረች፣ ከዚያ ገባልኝ። ደወልኩ። የስንዱ ፊት ብቅ አለ፤ ከጀርባዋ አግዳሚ ወንበር ላይ ዓይናቸው የታሸገ ሰዎች ተደርድረዋል።

«እትዬ፣ ሊፈቱላት ነው። የት ነሽ?»

«ባቡር ላይ ነኝ» ከማለቴ ዋሻ ገባን። የስንዱ አፍ እንደ ተከፈተ ቀረ።

እኔ የማውቀው ዋሻ የጣርማ በሩን ብቻ ነበር። በዚህ መስመር ግን ተራራውን እንደ ወንፊት በስተውታል፤ ከአንዱ ትወጣላችሁ፣ ሁለት መንደርና አንድ ማሳ ታያላችሁ፣ ሌላው ይውጣችኋል። ከዋሻ በወጣሁ ቁጥር እደውላለሁ፤ ክቧ መዞር ስትጨርስ ዋሻው ይደርሳል። ድምፄም ከፍ ብሎ ኖሮ አንዲት ሴትዮ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ምልክት በጣቷ አሳየችኝ። ሩሄ ይላል፤ ጸጥታ ማለት ነው። ለካ ዝም የሚባልበት ክፍል ገብቼ ኖሯል።

ተነሥቼ ስልኬን ሽቅብ ይዤ ከፉርጎ ፉርጎ መሄድ ጀመርኩ። እኛ ሰፈር ኔትወርክ ያለበት ድንጋይ ይታወቃል፤ ከቤተ ክርስቲያኑ በላይ ነው፣ ሰው እዚያ ላይ ቆሞ ያወራል። ድንጋዩ ከቦታው አይሄድም። እዚህ ኔትወርኩም ይሮጣል፣ እኔም እሮጣለሁ።

ምስሉ እምቢ ሲል በድምፅ የተቀዳ መልእክት ግን እየሾለከ ይገባ ነበር። የስንዱ የመጀመሪያው፣ «እትዬ፣ ፋሻው ተፈታ። እማዬ ዓይኔን አልገልጥም ብላለች። መጀመሪያ የማየው ልጄን ነው ብላ እንደ ጨፈነች ናት። ሰው ተሰልፎ እየጠበቀ ነው። ኧረ ቶሎ በይ» ይላል።

ሁለተኛውን ሰማሁት። የአንድ ወንድ ድምፅ አለበት፤ ሐኪሙ ነው።

«እማማ፣ እኔም እኮ የሠራሁትን ልይ። ትንሽ ይግለጡልኝ።»

«እግዜር ይስጥልኝ ዶክተር» ትላለች እናቴ ረጋ ብላ። «እርስዎንም ሳላይ አልሄድም። ተራዎ ግን ሁለተኛ ነው።»

በሁለቱ ፉርጎዎች መገናኛ ላይ ቆሜ ሳቅሁ፤ ወዲያው ደግሞ እንባዬ መጣ። እናቴን አውቃታለሁ። አልገልጥም ካለች እስከ ማታ ጨፍና ትውላለች። ካስገደዷትም ያን ሁሉ ዓመት የጠበቀችው ነገር ይበላሽባታል። ደግሜ ደወልኩ። ክቧ አሁን ሜዳ ላይ ወጥተንም ዝም ብላ ትዞራለች።

«ፋርካርተ፣ ቢተ» አለኝ አንድ ድምፅ። ትኬት ተቆጣጣሪው ነው፤ ጢሙ የሸበተ ግዙፍ ሰውዬ።

ትኬቴን ሰጠሁትና፣ «ኢንተርኔቱ ለምን አይሠራም?» አልኩት።

«ይሠራል።»

«አይሠራም።»

«ይሠራል፤ ቀርፋፋ ነው እንጂ።» ስልኬን አየት አደረገ። «የዛሬ ድርሻሽን ጨርሰሻል።»

«ማንንም ሳላነጋግር እንዴት ጨረስኩት?»

«መሞከርም ይቆጠራል» አለ።

ይህን ቃል እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። በዚያ ሰዓት ግን ባቡሩን ባቆመው በወደድኩ። «እናቴ ዓይኗን...» አልኩና የጀርመንኛው ቃል ጠፋብኝ። የተናገርኩት ምን እንደነበር እንጃ፣ የሰውዬው ፊት ተለወጠ፤ ባርኔጣውን አወለቀ።

«ልትጨፍን ነው?» አለኝ ቀስ ብሎ።

«አይደለም፤ ልትገልጥ። ዓይነ ስውር ነበረች። ዛሬ ተፈታላት። ልጄን ካላየሁ አልገልጥም ብላ እየጠበቀችኝ ነው።»

«አሁን? ጨፍነው?»

«ጨፍና።»

ባርኔጣውን መልሶ ደፋ። «ነይ» አለና ፊት ፊት መራኝ። አንደኛ ማዕረግ ወደሚሉት ፉርጎ አስገብቶ ባዶ ወንበር አሳየኝ። «የዚህ ክፍል ድርሻ ሌላ ነው። እንደ አዲስ ግቢ። የሚቀጥለው ዋሻ እስኪመጣ ሜዳ ነው፤ ፍጠኚ።»

እንደ አዲስ ተስማማሁ። ደወልኩ። ክቧ አንዴ ዞረችና ምስሉ ጥርት ብሎ መጣ።

እናቴ አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። ከስታለች። ሁለት ዓይኗን እንደ ሕፃን ጭምቅ አድርጋ ጨፍናለች፤ ነርሷ ትከሻዋን ይዛታለች።

«እማዬ፣ መጥቻለሁ። ግለጪ» አልኳት።

«ስንዱ፣ እውነት እሷ ናት? እንዳታታልዪኝ።»

«እኔ ነኝ እማዬ፣ የሺ ነኝ።»

«ጆሮዬ ላይ አድርጉልኝ።»

«ጆሮሽን ጠግቤዋለሁ» አልኳት። «ዓይንሽን አሳዪኝ።»

ነርሷ ሳቀች፤ እናቴም ፈገግ አለች፤ ከዚያ ገለጠች። የተሠራው ዓይን ቀልቷል፣ ያነባል። መጀመሪያ ወደ ጣሪያው ሄደ፣ ከዚያ ወደ ስንዱ እጅ ወረደ፣ ከዚያ እኔ ላይ አረፈ። ያ ወተት የመሰለው ነገር የለም፤ ጥቁሩ ጥቁር ሆኗል። ዝም ብላ አየችኝ። ዝምታዋ ረዘመብኝ፤ መስመሩ የቆመ መስሎኝ ስጋት ያዘኝ፤ ነርሷ ግን ከኋላዋ ትንቀሳቀሳለች።

«እናቴን» አለች በመጨረሻ። «ይቺማ እናቴ ናት።»

«እማዬ፣ እኔ ነኝ።»

«ድምፅሽን አውቄዋለሁ ልጄ። ፊቱ ግን የእናቴ ፊት ነው። እኔ የሸኘኋት ልጅ ጉንጯ ሙሉ ነበር።» እጇን ዘርግታ ስልኩን ነካችው፤ ጣቷ ምስሉን ሁሉ ሸፈነው። «መቼ ነው እንዲህ የበሰልሽው? ማን አየሽ ስትለወጪ?»

መልስ ልሰጣት አፌን ስከፍት ዋሻው ደረሰ።

ጨለማው የባቡሩን መስኮት መስታወት አደረገው። አያቴ እኔ ሳልወለድ ነው የሞቱት፤ ፎቶግራፍ የላቸውም። መስታወቱ ላይ ያለችውን ሴት አየኋት፣ አየኋት፤ ከግንባሯ ሽብሽብ የቱ የእሳቸው፣ የቱ የበረሃው እንደሆነ መለየት አቃተኝ።

ተቆጣጣሪው በብርጭቆ ውሃ ይዞልኝ መጣ።

«ገለጡ?»

«ገለጠች።»

«አዩሽ?»

«አየችኝ» አልኩት። ከዚያ ያለፈውን የሚነግር ጀርመንኛ አልነበረኝም። ራሱን ነቀነቀና ቀጣዩን ጣቢያ ሊናገር ሄደ።

ሃምቡርግ ደርሼ ከጠያቂዎቹ ፊት ስቀመጥ፣ «አረጋውያንን መንከባከብ ለምን ፈለግሽ?» አሉኝ። ሳጠናው የከረምኩት መልስ ብን ብሎ ጠፋ። ስለ እናቴ ነገርኳቸው፤ በተሰባበረ ቋንቋ፣ ከዋሻው ጋር ሁሉ። እርስ በርስ ተያዩ። ተቀበሉኝ።

ይኸው ከመንደሩ ወጥቼ እዚሁ ከተማ ገባሁ። ጠዋት ጠዋት የሰው እናቶችን ፊት አጥባለሁ፣ መነጽራቸውን አብሼ አደርግላቸዋለሁ። አንዳንዶቹ የማን ልጅ እንደሆንኩ ይጠይቁኛል፤ ነግሬያቸው በማግስቱ እንደገና ይጠይቁኛል። የያዝኩት የስደተኛ ፓስፖርት ብዙ አገር ያስገባኛል፤ ወደ አገሬ ብቻ አትሂጂበት የሚል ተጽፎበታል። ዕረፍት በደረሰ ቁጥር ባቡር ተሳፍሬ የማላውቀው ከተማ እሄዳለሁ፣ ደርሼም ወዲያው መመለስ ያምረኛል።

እናቴ አሁን መንገዱን ብቻዋን ትሄዳለች፣ በጎቿን ከሩቅ ትለያለች። ስልኩንም በትክክል መያዝ ተምራለች። ዓይኗ ጠፍቶ በነበረበት ዘመን ሁሉ አንድም ቀን መቼ ትመጫለሽ ብላኝ አታውቅም ነበር። አሁን በደወልኩ ቁጥር መጀመሪያ ፊቴን ትመረምርና፣ «መቼ ነው የምትመጪው?» ትለኛለች። የምመልሰው ሳጣ ሳልንቀሳቀስ ዝም ብዬ አያታለሁ። እሷም ኔትወርኩ የጠፋ መስሏት ስልኩን ለስንዱ ታቀብላታለች።