የለጠፍኩት ፎቶ ካምባ ደርሷል

ዛሬ ከበጎ አድራጎት ማኅበራችን ጋር ለተማሪዎች ደብተር ልናድል ካምባ ወረዳ ስንወርድ አንዲት እናት እየሳቀች ተቀበለችኝ። «የላካችሁት ሰው እኮ መጥቶ ነበር!»

እኛ የላክነው ሰው የለም።

ባለፈው ወር የሴት ልጇንና የልጅቷን ጓደኛ ፎቶ፣ ከነስማቸው ከነመንደራቸው፣ «ረዳት የላቸውም» ብዬ እዚሁ የለጠፍኩት እኔ ነኝ። የልብ ምልክት ስታዘንቡልኝ፣ አልዋሽም፣ ደስ ብሎኝ ነበር።

ሰውዬው ያንን ፎቶ በስልኩ አሳይቷታል። «አዲስ አበባ ወስጄ አስተምራታለሁ» ብሏታል።

ልጇ አጠገቧ ስለቆመች እፎይ አልኩ። «ጓደኛዋስ?»

«እሷንማ ትናንት ወሰዳት።»

ለፖሊስ አመልክተናል። ፎቶውን አጥፍቻለሁ፤ ያጋራችሁትን ግን ማጥፋት አልችልም።

እናንተ መንደርስ በበጎ አድራጎት ስም የመጣ እንግዳ አለ? ጻፉልኝ። የልጅ ስም ግን እዚህ እንዳትጽፉ።