ቁልቁል የወረደው የጌጅ መርፌ

ፈድሊያ ከሰቃ ወደ ጅማ የመጣችው በመንግሥት የቡና ማዘጋጃ ቤት ቡና ለመልቀም ነበር። በመሠረተ ትምህርት ፊደልና ቁጥር በለየች በዓመቱ ግን የማሽኑን ሙቀት የሚያሳየውን ጌጅ የሚያነብ ሰው ሲፈለግ እጇን አወጣችና ወደ ማድረቂያው ማሽን ተዛወረች።

ሥራውን ያስተማራት አንጋፋው መካኒክ ደሬሳ ነው። ቡናው በሚሽከረከርበት በርሜል ውስጥ ቴርሞካፕል የሚሉት የሙቀት መለኪያ አለ። በቀጭን የብረት ቱቦ የገቡ፣ ጫፋቸው የተበየደ፣ ዓይነታቸው የተለያየ ሁለት ሽቦዎች ናቸው። ጫፉ ሲግል ጥቂት ኤሌክትሪክ ይፈጥርና የጌጁን መርፌ ይገፋል። «እኛ እጃችንን እዚያ መክተት አንችልም፤ እሱ ይነካልናል» ይላት ነበር ደሬሳ።

በ1976 ዓ.ም. የቡና ወቅት አሮጌው መለኪያ ተበላሸና ደሬሳ በአዲስ ተካው። በማግስቱ እሳቱ ሲነድ መርፌው በመውጣት ፈንታ ቁልቁል ወረደ። ፈድሊያ «ገና አልሞቀም» ብላ እንጨት አስጨመረች። መርፌው ይብሱን ወረደ። ድንገት የሚቆላ ቡና ሽታ መጣባት።

«ወላሂ እያረረ ነው! እሳቱን አውጡት!»

በርሜሉ ሲከፈት ቡናው ጠቁሯል።

የሠራተኞቹ የፖለቲካ ኃላፊ ጓድ ጎሳዬ ወሬውን ሰምቶ መጣ። ያረረውን ቡና ዘግኖ አየና «ይሄ አሻጥር ነው» አለ። ያን ጊዜ ይህች ቃል ሰው ታሳስር ነበር። ደሬሳ ጆንያ ላይ ተቀምጦ እጆቹን ያይ ጀመር።

መለኪያውን የተካው ደሬሳ ስለሆነ ፈድሊያ ዝም ብትል የሚነካት አልነበረም። እሷ ግን ወደ ደሬሳ ዞረች።

«ጋሽ ደሬሳ፣ ሽቦዎቹ ተገላብጠው ቢታሰሩ መርፌው ወዴት ይሄዳል?»

ደሬሳ ቀና አለ። «ወደ ኋላ!» አለና ከተቀመጠበት ብድግ አለ።

«ጓድ ጎሳዬ፣ ከመፍረድዎ በፊት ይህን ይዩልኝ» አለች። የፈላ ውሃ በማንቆርቆሪያ አስመጥታ፣ ከበርሜሉ ወጥቶ የቀዘቀዘውን መለኪያ ነከረችበት። መርፌው ወረደ። ደሬሳ ሽቦዎቹን ፈትቶ አቀያየራቸው፤ እሷም ደግማ ነከረች። አሁን መርፌው ተነሣ፣ መቶ ዲግሪ ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ቆመ።

ጎሳዬ መለኪያውን ተቀብሎ ራሱ ነከረው። አወጣው፤ መርፌው ሲመለስ አየና እንደገና ነከረው። ፊቱ እየተፈታ መጣ።

«ስሕተት ነው» አለ በመጨረሻ። «ዳግመኛ ግን እንዳይለመድ።»

እሱ ሲወጣ ደሬሳ «ገለቶሚ፣ ልጄ» አላት። ምስጋናውን በኦሮምኛ ሲሰጣት ያ የመጀመሪያው ነበር።

በዚያው ሳምንት ሽቦዎቹ ዳግመኛ እንዳይገላበጡ አንደኛውን ቀይ ቀለም ቀቡት። በሚቀጥለው ወቅት ፈድሊያ ሰፊ ቱታ ለብሳ፣ እጅጌውን ጠቅልላ፣ የደሬሳ የጥገና ባልደረባ ሆነች። ማሽን ሊያዩ አሰንዳቦ ከተማ ካለው ማዘጋጃ ቤት ሲደርሱ ዘበኛው እሷን አልፎ ደሬሳን ጠየቀው።

«መካኒኩ እርስዎ ነዎት?»

«ሁለት ነን» አለ ደሬሳ፣ የመሣሪያ ሣጥኑን ለእሷ እያቀበለ።